ያውቁ ኖሯል? ነፍሰ ጡርና የዳሌ ሕመም

ከ5 ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ያጋጥማታል። ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ከፊት በኩል የሚገናኙበት ክፍተት በወትሮው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ጅማቶቹ ስለሚላሉ ሌላ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ሕመሙ ጽንሱን አይጎዳም። ያም ሆኖ እናቲቱን «የእርግዝና ጠባይ ነው፣ ቻይው» ብሎ መተው ተገቢ አይደለም፤ በጊዜ ከታየ ይቀላል።

ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚቀሰቅሰው የሰውነትን ክብደት በአንድ እግር ላይ መጣል ነው። ስለዚህ ልብስም ሆነ ጫማ ተቀምጠው ያድርጉ። ከአልጋ ሲነሱ ጉልበቶችዎን ገጥመው ወደ ጎን ይዙሩ፣ ከዚያ በክንድዎ ተደግፈው ቀና ይበሉ። መኪና ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ይቀመጡ፤ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ያስገቡ። ሌሊት በጎንዎ ተኝተው በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ ያድርጉ።

ጀሪካን በአንድ እጅ ማንጠልጠልንና ምጣድ ላይ አጎንብሶ መዋልን ቤተሰቡ ይረከብልዎት። ቀኑን ሙሉ መተኛት ግን አይረዳም፤ ሳያምዎት በልክ ይንቀሳቀሱ።

ሕመሙ እየመጣ እየሄደ ከበረታ፣ ደም ከታየ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሽንት ካቃጠለ ወይም እግር ከደነዘዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ይሂዱ።