የአዛን ሰዓታችን የየትኛው ከተማ ናት?

በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ፣ ከሐጅ ወይም ከዓረብ አገር የተመለሰ ዘመድ ያመጣት፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አዛን የምታሰማ ሰዓት ያለችበት ቤት ጥቂት አይደለም። ዛሬ ስለ እርሷ እናወጋለን።

የአባቶቻችን ሰዓት የሚሄደው በሞላ ነበር፤ የተጠቀለለው ሞላ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሶቹን ያዞራል። የባትሪው ሰዓት ግን ኳርትዝ የሚባል ድንጋይ አለው። ድንጋዩ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሰዓቱ ይህን ይቆጥራል። የአዛኗም ሰዓት በዚሁ ነው የምትሠራው። ልዩ የሚያደርጋት ስሌቷ ነው፤ ከተማዋን ስንነግራት ፀሐይ እዚያ መቼ እንደምትወጣ፣ መቼ ከአናት እንደምታልፍና መቼ እንደምትጠልቅ ታሰላለች። ከተማው ከተሳሳተ የድንጋዩ ልክነት አይጠቅመንም።

አዳማ በ39.3፣ መካ በ39.8 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናቸው፤ የሁለቱ አገሮች ሰዓትም አንድ ነው። ስለዚህ በመካ የተስተካከለች ሰዓት አዳማ ላይ ዙህርን የምታዛባው 2 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ባለቤቱም «ልክ ናት» ብሎ ይተዋታል። ጉዱ መግሪብ ላይ ነው! መካ ከእኛ በሰሜን ስለምትርቅ በታኅሣሥ ቀኗ ያጥራል። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ መካ ላይ 11፡44 ገደማ ስትጠልቅ፣ አዳማ ላይ 12፡10 ይሆናል። በዚያች ሰዓት የሚያፈጥር ጾመኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈጠረ ማለት ነው። በሰኔ በተቃራኒው ከ20 ደቂቃ በላይ ታዘገየዋለች። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ በ2023 ዓ.ም. የሚጀምረው በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ነው።

ሌላው ስሕተት የሚመጣው ከአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ «3» ብለን ከሞላናት፣ ሰዓቷ የምትረዳው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ የዙህርን አዛን በመግሪብ ታሰማናለች። መሞላት ያለባት «9» ተብላ ነው።

ቁጥር የምትቀበል ከሆነ የአዳማው 8.5 ሰሜንና 39.3 ምሥራቅ፣ የሻሸመኔው 7.2 እና 38.6 ነው። የከተማ ስም ብቻ የምትቀበለዋ አዲስ አበባ ላይ ትደረግ፤ የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ስላለ ግን ሱሁርን ቀደም ብሎ ማቆም፣ ለኢፍጧርም የሰፈሩን መስጊድ አዛን መጠበቅ ነው።