ግዙፍ ፎስፊኖች፦ ከካታሊስት እስከ ኦርጋኒክ ኤሌክትሮኒክስ



ዛሬ የምናገረው በዓይን ስለማይታይ መጨናነቅ ነው። ብርሃን የሚሰጡ ወይም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ኦርጋኒክ ቁሶችን ለመሥራት የካርቦን ቀለበቶችን እርስ በርስ፣ አንዳንዴም ከናይትሮጅን ጋር ማያያዝ ይጠይቃል። ይህን ሥራ በዋናነት የሚያከናውነው ፓላዲየም የተባለው ውድ ማዕድን ነው፤ ለዚህም ሄክ፣ ኔጊሺና ሱዙኪ በ2010 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ፓላዲየም ግን ረዳት ይሻል። ፎስፊን ከረዳቶቹ አንዱ ነው፤ ሦስት ቅርንጫፎች የተሸከመ የፎስፎረስ አቶም በቀረችው ጥንድ ኤሌክትሮን ፓላዲየሙን ይይዛል። ቶልማን የቅርንጫፎቹን ግዝፈት በሾጣጣ ማዕዘን ለካው፦ ትራይሜቲልፎስፊን 118፣ ትራይፌኒልፎስፊን 145፣ ትራይተርትቡቲልፎስፊን ደግሞ 182 ዲግሪ ነው።

ግዝፈቱ ምን ይጠቅማል? በቀለበት ላይ ያለን አዮዲን ለመንቀል 65፣ ብሮሚንን 81፣ ክሎሪንን 96 ኪሎካሎሪ በሞል ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክሎራይዶች ርካሽ ሆነው ሳለ ለካታሊስቱ አስቸጋሪ ሆነው ቆይተው ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የፉና የቡክዋልድ ቡድኖች፣ በየፊናቸው፣ ግዙፍና ኤሌክትሮን ለጋስ ፎስፊኖች ይህን እንቅፋት እንደሚያስወግዱ አሳዩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በጠባብ አግዳሚ ላይ ሁለት ግዙፍ ሰዎች ቢቀመጡ አንዱ መነሣቱ አይቀርም። ፓላዲየሙም አንድ ሊጋንድ ብቻ ሲቀረው ክፍት ቦታ ያገኛል፤ የቀረው ሊጋንድ የሚለግሰው ኤሌክትሮን ደግሞ ጠንካራውን ትስስር ለመስበር ያግዘዋል። በመጨረሻም ያው መጨናነቅ ሁለቱን ቁራጮች አጋጥሞ ያስወጣቸዋል።

አሁን ወደ ፖሊመር እንለፍ። ለመድኃኒት ቅመማ 95 በመቶ ምርት የሚያስመሰግን ነው። በፖሊመር ግን ከሚያያዙት ጫፎች 95 በመቶው ብቻ ከተያያዙ ሰንሰለቱ በአማካይ 20 አሃድ ብቻ ይረዝማል፤ 99 በመቶ ከሆኑ 100፣ 99.5 በመቶ ከሆኑ 200 ይደርሳል። እንግዲህ በካታሊስቱ ላይ የምትታይ ትንሽ ድክመት ቁሱን ከጥቅም ውጭ ልታደርገው ትችላለች። ደግሞም በቁሱ ውስጥ የሚቀር ፓላዲየም የኤሌክትሪክ ሙል ወጥመድ ሆኖ የመሣሪያውን ብቃት ሊቀንስ ይችላል። ንቁ ካታሊስት በጥቂቱ ስለሚበቃ የሚተወውም ቅሪት ያንሳል።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ ይቀራል፤ ትራይተርትቡቲልፎስፊን አየር ሲነካው በእሳት ሊያያዝ የሚችል ከሆነ፣ ውድ መሣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ ምን ያድርግ? መልሱን የፉ ቡድን በ2001 እ.ኤ.አ. አቅርቦታል፦ ፎስፊኑን ከአሲድ ጋር አዋሕዶ በአየር ላይ የማይበላሽ ጨው ማድረግ። ጨው ሆኖ በመደርደሪያ ይቀመጣል፤ ከአየር በተጠበቀው የሙከራ ዕቃ ውስጥ ቤዝ ሲጨመርበት ፎስፊኑ ነጻ ይወጣል። አንድን ግኝት ከጥቂቶች እጅ አውጥቶ ለብዙዎች የሚያደርሰው፣ ብዙ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ቀላል መላ ነው።