ያውቁ ኖሯል? አያ ጅቦ፣ እመት ጦጢትና የ70 ዓመቱ የተረት መጽሐፍ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በፊት የተረት መጽሐፍ እንዳሳተሙ ያውቁ ኖሯል? «ተረት ተረት የመሠረት» የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ትልቁ ልቦለድ የመጣው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ፣ በ1958 ነው። እንግዲህ በ2018 የተረቱ መጽሐፍ 70 ዓመት ደፈነ ማለት ነው።

ደራሲው ለምዕራብ ጎጃም ሰው ሩቅ አይደሉም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪክ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኘው ማንኩሳ ናት።

ርዕሱንስ ልብ ብለውታል? ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆች «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። ሐዲስ ግን በረቱን ትተው «የመሠረት» አሉ። ለልጅ የሚነገር ነገር መሠረት መሆኑን ገና ከሽፋኑ የነገሩን ይመስለኛል።

«አያ» የሚለው ቃል በገጠሩ ለማን እንደሚባል ያውቁ ኖሯል? ለታላቅ ወንድም፣ በዕድሜ ለበሰለ ሰው ነው። ተረቶቻችን ይህንኑ ማዕረግ ለጅብ ሰጡት፣ ጦጣዋንም «እመት» አሏት። ማታ ምድጃ ዳር የበቆሎ እሸት እየተጠበሰ አያት ስታወራ፣ ከውጭ እውነተኛው ጅብ ይጮሃል። ልጆቹ ወደ አያታቸው ጠጋ ጠጋ ይላሉ፤ ያን የሚፈሩትን አውሬ ግን ታላቅ ወንድማቸውን በሚጠሩበት ቃል ነው የሚጠሩት። እኔ የተረቶቻችን ጥበብ ሁሉ እዚህች ሁለት ፊደል ላይ ያለ ይመስለኛል። ጅቡ ክፉ ነው፣ ግን ጎረቤት ነው።

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ከየት መጣ? ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። ጅቡ «አደፈረሽብኝ» ይላል። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ! አህያዋም «ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው ለዚህ ነው። በግሪኮቹ የኤዞፕ ተረት ይኸው ክርክር የተኩላና የበግ ነው። የእኛው ግን ቤተኛ ነው፤ በቡሬ ገጠር አህያውን ደጅ አሳድሮ እንቅልፍ የሚወስደው ገበሬ የለም።

እንስሳት መጽሐፍ ውስጥ መግባታቸው ግን በሐዲስ አልተጀመረም፤ ስለ እንስሳት ጠባይ የሚናገረው «ፊሳልጎስ» ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው በጥንት ዘመን ነው። አንበሳ ዱካውን በጅራቱ እንደሚያጠፋ የሚነገረው እዚያ ውስጥ ነው።

በአሜሪካም የኢ. ቢ. ኋይት የልጆች መጽሐፍ «ሻርሎትስ ዌብ» በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1945 ወጣ፤ የሐዲስን መጽሐፍ በዕድሜ የሚበልጠው በ3 ዓመት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የ60ኛ ዓመት ልዩ እትም ታትሞለታል። ሸረሪቷ ድሯ ላይ ቃል እየጻፈች ወዳጇን አሳማ ከመታረድ ታድነዋለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እየሰማ ላደገ የጎጃም ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በተረት የምትበላው አህያ መጽሐፍ ተሸካሚ እንደሆነችስ? አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት «ኢትዮጵያ ሪድስ» በሐዋሳ የልጆች መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ አዙሯል። ሲኤንኤንም እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ 10 ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል።

ለሐዲስ መጽሐፍ 70ኛ ዓመት የምመኘው ይህንኑ ነው፦ ስዕል ያለው፣ ፊደሉ ጎላ ያለ «ተረት ተረት የመሠረት» በአህያ ጋሪ ተጭኖ፣ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ፣ ማንኩሳ ላይ ቆም ብሎ፣ ቡሬ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ሲደርስ ማየት።