የንጉሡ ጦር በያሬድ እግር ላይ

ንጉሥ ገብረ መስቀል ጦሩን ተመርኩዞ ቆሟል። የጦሩ ጫፍ ግን ከፊቱ በቆመው ካህን እግር ላይ ተተክሏል፤ ደም ይወርዳል። ካህኑ መቋሚያና ጸናጽሉን እንደያዘ ያዜማል። ከበላያቸው ዛፍ ላይ ሦስት ወፎች አሉ።

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው ይህ የቅዱስ ያሬድ ሥዕል ማብራሪያ አያሻውም። የሆሳዕናና የዱራሜ ብዙ አንባቢ ግን ሌላ ነው። በሀዲያና ከምባታ ከተሞች የወንጌላውያን ምእመናን ይበዛሉ፤ በአዳራሾቻቸው መዝሙሩ ሞልቶ ሳለ ግድግዳው ላይ የቅዱሳን ሥዕል የለም። ሥዕሉን መጽሐፍ ላይ የሚያገኘው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ታዲያ፣ ንጉሡ ለምን ወጋው ብሎ ነው።

ሆን ብሎ አልወጋውም። እንደ ገድሉ ትረካ፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩ የት እንዳረፈ ልብ አላለም፤ ያሬድም ሕመሙ አልተሰማውም። ዜማው ሲያበቃ ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ለካሳም የፈለገውን እንዲጠይቀው ነገረው። ያሬድ የጠየቀው መንኖ እንዲሄድ እንዲፈቀድለት ብቻ ነበር፤ ወደ ሰሜን ተራሮችም ወጣ።

ሠዓሊው ይህን ያለ ጽሑፍ እንዴት ይናገራል? ዓይኖቹን ልብ ይሏል። በቆየው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ይሁዳን የመሳሰሉ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ገብረ መስቀል ደም ቢያፈስም ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይን አለው። ሠዓሊው ፍርዱን የሰጠው እዚያ ላይ ነው።

ወፎቹ ለጌጥ አልገቡም። ትውፊቱ ያሬድ ዜማን የተማረው ከገነት ከመጡ ሦስት ወፎች ነው ይላል፤ ሊቃውንቱም ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ በሥላሴ ይመስሏቸዋል። አንዳንዱ ሥዕል ላይ ዛፍ የሚወጣ ትልም አለ። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከአጎቱ ከጌዴዎን ሲሸሽ፣ ያ ትል እየወደቀ ደግሞ ሲሞክር አይቶ ተመለሰ ይባላል።

የያሬድን መልክ ከዚህ ሥዕል መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው። ያሬድ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ በብዛት የምናያቸው ሥዕሎች ከጎንደር ዘመን ወዲህ የተሣሉ ናቸው፤ ዘውዱና ካባውም የሠዓሊው ዘመን ነው። ጀርመናዊው ሐውስማን በአንጻሩ ሙዚቀኛውን ባኽን እ.ኤ.አ. በ1746 የሣለው በሕይወት ሳለ ነው። ባኽ በእጁ የያዘው ወረቀት ላይ የራሱ ድርሰት በኖታ ተጽፏል፤ ማንበብ የሚችል ሰው ዛሬም ሊጫወተው ይችላል።

ያሬድ እጅ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት አይታይም። የዜማ ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል፤ ከያሬድ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ምልክት ከመጣም ወዲህ ቢሆን ደቀ መዝሙሩ ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው፤ አቋቋም የሚባለውን የዜማ እንቅስቃሴም የሚለማመደው ቆሞ፣ ሠዓሊው ለያሬድ ያስያዘውን ያንኑ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ነው።