ለላስታ ቤት የሚሆን መብራት

በላሊበላና በዙሪያዋ ባለው የላስታ ደጋ የሚታወቀው ነባር ቤት ክብ፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ብዙ ጊዜም ባለ ሁለት ደርብ ነው፤ ታችኛው ለከብትና ለዕቃ፣ ላይኛው ለሰው። መስኮቱ ጥቂትና ጠባብ በመሆኑ ብርዱን ይከለክላል፤ ብርሃኑንም አብሮ ያስቀራል። ግድግዳው ደግሞ ዓመት ከዓመት የምድጃ ጢስ እየጠጣ ይጠቁራል። ለዚህ ቤት መብራት የሚነድፍ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት ይህን ጥቁረት ነው። በኖራ የነጣ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ለቤቱ ይሰጣል፤ ጥላሸት የለበሰው ግን ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይውጠዋል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚበቃ የጣሪያ አምፖል እዚህ አይበቃም።

የርቀቱም ነገር አለ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ብርሃኑን ወደ ታች በሰፊው የሚበትን ባለ 100 ሉመን የሶላር መብራት ከደብተር ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ምሰሶ ላይ ቢሰቀል፣ ደብተሩ ላይ የሚያርፈው 8 ሉክስ ገደማ ነው። ያው መብራት ከደብተሩ ወደ ግማሽ ሜትር ከፍታ ዝቅ ሲል 130 ሉክስ ያህል ይሰጣል። ባትሪም ዋጋም ሳይጨመር 16 እጥፍ ማለት ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ ላይ፣ መሶብ የምትሰፋ እጇ ላይ፣ የሚያጠና ልጅ ፊደሉ ላይ ብርሃን ይፈልጋሉ። በመሆኑም መንጠቆውና ገመዱ ከአምፖሉ ያላነሰ ሐሳብ ይገባቸዋል። ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ኤል.ኢ.ዲ. ግን ከለላ ከሌለው ዓይን ይወጋል።

ኩራዝ በዚህ ረገድ የሚናቅ ዕቃ አይደለም። ከአሮጌ ጣሳ የሚበጀው፣ የጥጥ ክር በላምባ የሚነድበት ኩራዝ ብርሃኑ ከ10 ሉመን እምብዛም አያልፍም፤ ጢሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ሲገለበጥም ቤት ያቃጥላል። ሆኖም በአንድ እጅ ይነሣል፣ ከሠራተኛው አጠገብ ይቀመጣል፣ ሲበላሽም እዚያው መንደር ይጠገናል። ገበያ ላይ ካሉት የሶላር መብራቶች ብዙዎቹ የጎደላቸው ይህ የመጨረሻው ነው። ቅርፊታቸው በሙጫ ተጣብቆ ስለሚመጣ፣ ባትሪው ሲደክም ደህናው አምፖልና ደህናው ፓኔል አብረው ይጣላሉ። ይህ የዋጋ ጉዳይ ሳይሆን የንድፍ ጥፋት ነው፤ አራት ብሎን ያስቀረዋል።

ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ቢል ይበቃዋል፤ ዝንባሌው የበጋውን አቧራም በዝናብ ያሳጥባል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ስለሚከብድ ባትሪው ለሁለት ሦስት ሌሊት መብቃት አለበት። 100 ሉመን አንድ ዋት ገደማ ብቻ ስለሚፈልግ ይህ ከባድ አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመር የገባለት ቤትም ቢሆን ባትሪ ከመፈለግ ውጭ አይደለም፤ ከተማዋ የሰሜኑ ኢትዮጵያ ጦርነት ከደረሰባት ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ቆይታለች። ከመስመርም ከፀሐይም የሚሞላ መብራት ለሁለቱም ቤት ይሆናል።

ገዢ ሱቅ ውስጥ አብርቶ በማየት ብቻ አይርካ፤ መብራቱን ገልብጦ ብሎን እንዳለው ይመልከት፣ ባትሪውም ለብቻው የሚገዛ መሆኑን ይጠይቅ።