የማይጣል ወረቀት

መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ አንዱ መጥቶ በራሪ ወረቀት እጃችሁ ላይ ጣል ያደርጋል። ስንቶቻችን እናነበዋለን? አብዛኛው ታክሲው ሳይመጣ መሬት ላይ ነው። ገንዘቡን ያወጣው ግን ገና ትናንት የከፈተ ጁስ ቤት ወይም ፀጉር ቤት ሊሆን ይችላል።

«ቲክቶክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ጁስ ቤቱ ጀሞ ከሆነ፣ ቪዲዮውን ሐዋሳ ሆኖ ያየ ሰው ለአንድ ብርጭቆ አቮካዶ አዲስ አበባ ድረስ አይመጣም። የሰፈር ሱቅ ደንበኛ በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ነው ያለው። እሱ ጋ ለመድረስ ወረቀት አሁንም ይሠራል፤ ሰው የሚያስቀምጠው ወረቀት ከሆነ።

ካላንደርን አስቡት። አጽዋማትና በዓላት የተጻፉበት ከሆነ ከእንቁጣጣሽ እስከ ጳጉሜን ግድግዳ ላይ ይውላል፣ የሱቁ ስልክም ከሥሩ አለ። ለዚህ ግን ማተሚያ ቤት መሄድ ያለባችሁ ክረምት ላይ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ሰው የሰቀለውን ሰቅሏል።

ከረጢትም አለ። ፌስታልን የሚከለክለው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ስለዚህ ዳቦ ቤቱም ቡቲኩም ወረቀት ከረጢት ያስፈልገዋል። በቀለም ለማሳተም አቅም ከሌለ አንድ ማህተም አስቀርጾ ባዶ ከረጢት ላይ መምታት ነው። ደንበኛው ሰፈር ለሰፈር ይዞላችሁ ይዞራል።

ሌላው የማኪያቶ ካርድ ነው፤ ዘጠኝ ጠጥቶ ያስመታ አሥረኛውን በነጻ። 9 በ5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ኤፎር ወረቀት ላይ 10 ካርድ ይወጣል። ጀርባው ላይ የቴሌግራም ቻናሉ ኪውአር ኮድ ይግባበት። ኮዱ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ዙሪያው ነጭ ይተው፣ ከመታተሙ በፊትም በሁለት ሦስት ስልክ ስካን ተደርጎ ይሞከር።

ዲዛይኑን በስልካችሁ የምትሠሩ ልጆች፣ ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ፎቶ አድርጋችሁ ከላካችሁት ቴሌግራም ጥራቱን ስለሚቀንሰው ሲታተም ይደበዝዛል። ስክሪን ላይ የሚያበራው ቀለምም ወረቀት ላይ ፈዘዝ ይላል፤ መጀመሪያ አንድ ናሙና አሳትማችሁ እዩ። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የተሳሳተ ፖስት ኤዲት ይደረጋል፣ 500 ካርድ ግን አይደረግም።

በመጨረሻ ቁጠሩ። በራሪ ወረቀት ካሳተማችሁም «ይህን ይዞ ለመጣ ቅናሽ አለ» የሚል ይኑርበት። የተመለሱትን መሳቢያ ውስጥ አጠራቅሙ። በወሩ መጨረሻ አምስት ብቻ ከተመለሱ ሁለተኛ አታሳትሙት፤ ብሩን ለከረጢቱ አውሉት።