ማኮብኮቢያው እንዴት አደረ?

አፍሪዳር ላይ ዝናብ ከባሕሩ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካ አይሁድ የቆረቆሩት ይህ በእስራኤል የሚገኝ የአሽቀሎን ሰፈር በጋውን በሙሉ ጠብታ አያይም ማለት ይቻላል። ኅዳር ሲገባ ግን ደመናው ከሜዲትራኒያን ይነሣና በሩብ ሰዓት ውስጥ መንገዱን ጎርፍ ያደርገዋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ሰፈር በዚያው ሰዓት ደረቅ ሊሆን ይችላል። የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ የሚከበረውና ከአዲስ አበባ ዘመድ የሚመጣውም በዚሁ ወቅት ነው። አክስቴ ለበዓሉ መጥታ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ "አንተ ልጅ፣ ደርሰናል ካሉን በኋላ በሰማይ ላይ የሚያንከራትቱን ለምንድን ነው?" አለችኝ።

በወጣትነቴ ማኮብኮቢያ በሚፈተሽበት መኪና ላይ ሠርቻለሁና ጥያቄዋን በዋዛ አላለፍኩትም። አውሮፕላን የሚዘገይበት ምክንያት ብዙ ነው። በዝናብ ቀን ግን አብራሪው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ ነው። ይህን ከላይ ሆኖ ማየት አይችልም፤ የሚያይለት መሬት ላይ ያለ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 4 ቀን 2021 ጀምሮ፣ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት ያ ሰው ማኮብኮቢያውን ሦስት ቦታ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሲሶ ከ0 እስከ 6 ቁጥር ይሰጣል። 6 ደረቅ ነው፤ 1 የተጋገረ በረዶ ነው፤ 0 ደግሞ በላዩ ውሃ የቆመበት በረዶ ሲሆን እዚያ ላይ ማረፍ አይታሰብም። ምን ያህሉ እንደተሸፈነና የውሃው ወይም የበረዶው ጥልቀት ስንት እንደሆነም አብሮ ይነገራል። ከዚያ በፊት ብዙ አየር ማረፊያ የሚተማመነው ጎማ እየጎተተ መንሸራተትን በሚለካ መሣሪያ ነበር። ችግሩ፣ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች በአንድ መሬት ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር ማውጣታቸው ነው፤ የትንሽ ጎማ ልኬትም ስልሳ ቶን ስለሚመዝን አውሮፕላን ብዙ አይናገርም። ዛሬ መሣሪያው ረዳት ነው፤ ፍርዱ የሰው ዓይን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። የውሃው ጥልቀት እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቁጥሩ 5 ነው። ከ3 ካለፈ 4 ወይም 3 ላይ ሳይቆም በአንድ ጊዜ 2 ይሆናል። በሌሊት፣ በመኪና መብራት፣ ዝናቡ መስታወቱን እየደበደበው 3ን ከ4 ሚሊ ሜትር መለየት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ የሠራው ያውቀዋል። መኪናው ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሪፖርቱ መቆጣጠሪያ ማማ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ የኛ ደመና ሌላ ውሃ ሊያወርድ ይችላል። ልክ የነበረ ሪፖርት ሳይዋሽ ሐሰት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ውሃው ሲበዛ ጎማው ገፍቶ ለማስወጣት ፋታ ያጣል፤ ከአስፋልቱ ተለይቶ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ ፍሬን መርገጥ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2019 በአሜሪካ ጃክሰንቪል 143 ሰው የጫነ ቦይንግ 737 በከባድ ዝናብ አርፎ ወንዝ ውስጥ የገባው በዚህ ነው። ማኮብኮቢያው ውሃ የሚያፈስስ ቦይ አልተቀደደለትም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከተሳፋሪዎቹ የሞተ የለም።

የዛሬው ደንብ ሥሩ ግን ከዚያ የከፋ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2005 በቺካጎ ሚድዌይ የሳውዝዌስት አውሮፕላን በበረዶ ላይ አርፎ መቆም አቃተው፤ አጥር ጥሶ መኪና መንገድ ላይ ወጣ፤ መኪና ውስጥ የነበረ የ6 ዓመት ሕፃን ሞተ። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት ሞተሩን ወደ ኋላ የሚያስገፋውን ኃይል በጊዜው አለመጠቀም ነው ቢሉም፣ ስለ ፍሬኑ የደረሰው ወሬ "ደህና ነው"ም "መጥፎ ነው"ም የሚል ቅይጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ከማረፍ በፊት ርቀቱ ዳግም እንዲሰላና ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጨመርበት መከረ። የቁጥሩ ሥርዓትም ከዚያው ጥረት ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ወደ ዓለም የወጣው በኋላ ነው።

ቀድሞ ያረፈ አብራሪም ፍሬኑ ጥሩ፣ መካከለኛ ወይም መጥፎ መሆኑን ለማማው ይናገራል። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ሆኖም ያቆመው የሞተሩ ግፊት ሆኖ ሳለ "ፍሬኑ ጥሩ ነው" የሚል አይጠፋም። ለከባዱ አውሮፕላን የበቃውም ለቀላሉ ላይበቃ ይችላል።

የአክስቴ አውሮፕላን የተነሣበት ቦሌ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካበት ፍጥነት ከባሕር ወለል ይልቅ በ12 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት በሩብ ያህል ይጨምራል። የሐምሌ ዝናብና በረዶ በዚያ ላይ ሲወርድበት የሪፖርቱ ትክክለኛነት ቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ ካለው ዋጋ የበለጠ እንጂ ያነሰ አይደለም።

ቤን ጉሪዮንም ቢሆን ከረጅም በጋ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ ያስፈራኛል። በየዕለቱ የሚያርፉ ጎማዎች የሚተዉት ላስቲክ ካልተጠረገ፣ ስስ ውሃ እንኳ ሲነካው ያንሸራትታል። እንዲህ ያለ ማኮብኮቢያ ሲረጥብ ቁጥሩ 5 መባሉ ቀርቶ 3 መሆን አለበት፤ 3 ብሎ መጻፍ ግን በረራ ያዘገያል፣ የአለቃንም ፊት ያጠቁራል።

በዚያ መኪና ላይ ዛሬ ሌሊት ተረኛ የሆናችሁ ልጆች፣ ከተጠራጠራችሁ ዝቅተኛውን ቁጥር ጻፉ። ዘመድ ልትቀበሉ የምትሄዱ ወገኖቼም፣ ዝናብ ባለ ቀን አውሮፕላኑ ቢያንዣብብ ወይም ቆጵሮስ ላርናካ ሄዶ ቢያርፍ ከአብራሪው ጋር አትጣሉ። ሌሊቱን ጠብቁት።